የሆልም ምሰሶ፤ የአንድ ረግረግ መሬት ታሪክ

በእንግሊዝ አገር በስተምሥራቅ፥ ከፒተርቦሮ ከተማ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፥ ሆልም ፌን የሚባል ሥፍራ ይገኛል። በዚያ ግንዳቸው በነጣ የበርች ዛፎች መካከል አንድ የብረት ምሰሶ ቆሟል። ከመሬት በላይ ያለው ቁመቱ 4 ሜትር ያህል ነው። ሥፍራውን የማያውቅ መንገደኛ ቢያየው የተረሳ የመብራት ዓምድ ወይም የፈረሰ ቤት ቅሪት ይመስለዋል። ነገር ግን ምሰሶው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሲተከል አናቱ ከመሬቱ ገጽ ጋር ትክክል ነበር፤ ከመሬት በላይ የሚታይ አንዳችም አካል አልነበረውም። ምሰሶው ከተተከለበት አልተነቃነቀም። ዝቅ ያለው መሬቱ ነው።

ይህ ምሰሶ የሰው ልጅ ረግረግን አድርቆ እርሻ ለማድረግ ባካሄደው ረጅም ጥረት ምን እንዳተረፈና ምን እንደከፈለ በሜትርና በሴንቲ ሜትር የሚናገር ምስክር ነው። ምስክርነቱ የሚገባው ግን የሥፍራው ታሪክ ከመጀመሪያው ሲታወቅ ነውና ነገሩን ከአፈሩ መጀመር ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አፈሩና አፈጣጠሩ

ፌንስ በሚል የወል ስም የሚጠራው የምሥራቅ እንግሊዝ ቆላ 4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ዊዝም፥ ዌላንድ፥ ኔንና ኡዝ የተባሉት ወንዞች ከደጋው ወርደው ወደ ሰሜን ባሕር የሚገቡት ይህን ሜዳ አቋርጠው ነው። መሬቱ ለጥ ያለ፥ ከባሕሩም እምብዛም ከፍ የማይል በመሆኑ፥ የወንዞቹ ውሃ መውጫ አጥቶ ይተኛበት ነበር። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የባሕሩ ወለል ከፍ እያለ ሲመጣ በሜዳው ላይ የነበረው የወይራ ያህል ጠንካራ የኦክ ደን በውሃ ተውጦ ሞተ። በምትኩ ሸምበቆ፥ ፊላና ልዩ ልዩ የረግረግ ሣር በቀለ።

በረግረግ ውስጥ የበቀለ ተክል ሲሞት እንደ ሌላው ሥፍራ ፈጥኖ አይበሰብስም። ተክልን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕያዋን አየር ያሻቸዋል፤ ውሃ በሞላው ጭቃ ውስጥ ግን አየር እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የአንዱ ዓመት ቅሪት በሌላው ዓመት ቅሪት ላይ እየተደራረበ፥ ቀለሙ የጠቆረ፥ እንደ ሰፍነግ ውሃ የሚመጥ ለስላሳ አፈር ይሆናል። ይህ አፈር ፒት ይባላል። የሚከማቸውም በዝግታ ነው፤ አማካዩ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሆልም ግን ጊዜ አላጠረምና፥ ምሰሶው በተተከለበት ወቅት የፒቱ ጥልቀት 6.7 ሜትር ደርሶ ነበር። ከሥሩ ያለው ሸክላማ ጭቃ ነው።

ፒት የተቀበረበትን ነገር አየር ነፍጎ ይጠብቃል። ከሆልም ወደ ሰሜን ብዙ ሳይርቅ፥ ዊትልሲ ከተባለችው ከተማ አጠገብ፥ በ2015 እና በ2016 በተደረገ ቁፋሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ850 ገደማ በእንጨት ቋሚዎች ላይ ተሠርቶ ብዙም ሳይቆይ በእሳት ተቃጥሎ ውሃ ውስጥ የወደቀ መንደር ተገኝቷል። ማሰሮው ከነምግቡ፥ ድርና ማጉም ሳይበሰብስ ወጥቷል። ይህ የሚያስረዳው ረግረጉ ጥንትም ጠፍ እንዳልነበረ ነው። ሰው ከውሃው ጋር፥ በውሃውም ላይ ይኖር ነበር።

የዓሣና የሸምበቆ ዘመን

በመካከለኛው ዘመን በፌንስ ውስጥ ከውሃው ብቅ ባሉት ጉብታዎች ላይ ታላላቅ ገዳማት ተመሠረቱ። ኢሊ፥ ቶርኒ፥ ክሮውላንድና ራምሲ በሀብታቸው የታወቁ ነበሩ። ለሆልም ቅርብ የሆነው የራምሲ ገዳም ሲሆን፥ ሀብቱ ከእህል ይልቅ ከውሃ የሚወጣ ነበር። እባብ የሚመስለው ኢል የተባለው ዓሣ በፌንስ ከመብዛቱ የተነሣ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ በ1086 በተጻፈው የእንግሊዝ መሬት መዝገብ ላይ ግብራቸው በኢል ቁጥር የተመዘገበ መንደሮች ይገኛሉ። የራምሲ ገዳምም ሕንፃውን ለመሥራት ከባርናክ ካባ ድንጋይ ለማውጣት በዓመት 4,000 ኢል ለፒተርቦሮ ገዳም ይሰጥ ነበር። ድንጋዩ በጀልባ እየተጫነ የሚጓዘው በዚሁ ረግረግና በሐይቆቹ ላይ ነው።

ከእነዚህ ሐይቆች ትልቁ የዊትልሲ ሐይቅ ሲሆን፥ የሆልም ረግረግ በዳርቻው ተዘርግቶ ነበር። በሙቀቱ ወራት ከ600 ሄክታር በላይ ይሸፍን የነበረው ይህ ሐይቅ፥ በብርዱና በዝናቡ ወራት እጥፍ ያህል ይሰፋ ነበር። የአካባቢው ሰው ዓሣና የውሃ ወፍ ከሐይቁ ያገኛል፤ ሸምበቆ አጭዶ ለቤት ክዳን ይሸጣል፤ ውሃው ሲሸሽ በሚበቅለው ሣር ከብቱን ያሰማራል። ፒቱንም በልዩ መቁረጫ እንደ ጡብ እየቆረጠ፥ እንደ ኩበት በፀሐይ አድርቆ ያነድዳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በወል መብት ነው። መሬቱ ጌታ ቢኖረውም፥ መንደርተኛው የመሰማራት፥ የማጥመድና ማገዶ የመቁረጥ ልማዳዊ መብት ነበረው።

ኑሮው የተመቸ ነበር ለማለት አይቻልም። በረግረጉ ወባ ነበረ፤ ነዋሪዎቹም ለትኩሳቱ ማስታገሻ የኦፒየም ተክል ፍሬ አፍልተው ይጠጡ ነበር። ጎርፉ ቤት ያፈርሳል፥ ከብት ይወስዳል። ይሁን እንጂ ያ አኗኗር መሬቱን ሳይቀንስ የሚኖር ነበር። ውሃው ከነበረበት እስካልተነሣ ድረስ ፒቱ እንደተጠበቀ ይቆያል።

ውሃውን የማባረር ዘመን

በ1539 የራምሲ ገዳም እንደ ሌሎቹ የእንግሊዝ ገዳማት በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ትእዛዝ ተዘጋ፤ መሬቱም ወደ ግል ባለጸጎች ተላለፈ። አዲሶቹ ባለርስቶች ረግረጉን ይመለከቱ የነበረው እንደ አበምኔቶቹ አልነበረም። ለእነርሱ ውሃው የታገደ ገንዘብ ነበር። በ1630 የቤድፎርድ ኤርል ሥራውን ለመምራት ውል ገባ፤ ገንዘባቸውን ለመሰንዘር የቆረጡ ባለአክሲዮኖችም ተባበሩት። ለካሣቸው ከሚደርቀው መሬት 95,000 ኤከር፥ ማለት 38,000 ሄክታር ያህል እንዲሰጣቸው ተወሰነ። የሥራው መሐንዲስ ሆላንዳዊው ኮርኔሊስ ቨርሙይደን ነበር።

የቨርሙይደን አሳብ ቀላል ነው። የኡዝ ወንዝ በሜዳው ላይ እየተጠማዘዘ በዝግታ ስለሚሄድ፥ ቀጥ ያለ ቦይ ቢቆረጥለት ውሃው ፈጥኖ ወደ ባሕር ይደርሳል። በዚህም መሠረት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቦይ ተቆፍሮ በ1637 ተፈጸመ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ የነበረው ሥራ በ1649 በወጣ ሕግ እንደገና ተጀምሮ፥ ከመጀመሪያው ቦይ ጎን ለጎን ሁለተኛው በ1651 ተቆፈረ። ከቆፋሪዎቹ መካከል በጦርነት የተማረኩ ስኮትላንዳውያንና ሆላንዳውያን ይገኙበታል።

የፌንስ ሕዝብ ግን ዝም ብሎ አልተመለከተም። ግጦሹና ማጥመጃው ተወስዶ በአጥር ሲከለል፥ ግድቡን በሌሊት እየናደ፥ ቦዩን እየደፈነ፥ የሥራ መሣሪያውን እየሰባበረ ተቃወመ። እነዚህ ሰዎች የፌን ነብሮች የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። በዚያው አካባቢ ተወልዶ ያደገው ኦሊቨር ክሮምዌል በመጀመሪያ ለወል መብታቸው በመከራከሩ ታውቆ ነበር፤ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ሥራው የተፈጸመው በእርሱ መንግሥት ጊዜ ነው። ሕዝቡ የተከራከረው ስለ መብቱ ነበር። ስለ አፈሩ ጠባይ ግን ከተቃዋሚም ሆነ ከደጋፊ ወገን በቂ ግምት የሰጠ አልነበረም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ተገለጠ። ፒት ውሃው ሲወጣለት እንደ ተጨመቀ ሰፍነግ ይኮማተራል። ቀጥሎም አየር ሲገባበት ለሺህ ዓመታት ተገትቶ የነበረው መበስበስ ይጀምራል፤ አፈሩም ቀስ በቀስ ወደ አየር ተንኖ ይጠፋል። ስለዚህ ሜዳው ዝቅ ሲል፥ ደለልና ሸክላ የሚበዛባቸው የወንዝ ዳርቻዎች ከፍ ብለው ቀሩ። አንድ ትውልድ ሳይሞላ ወንዞቹ ከእርሻው በላይ መፍሰስ ጀመሩ። ወደ ታች ይፈስሳል ተብሎ ቦይ የተቆፈረለት ውሃ ወደ ላይ መነሣት አስፈለገው።

ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የተገኘው የነፋስ ኃይል ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት በፌንስ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ውሃ ቀጂ የነፋስ መዘውሮች ተተከሉ። መዘውሩ ውሃውን ባነሣ ቁጥር መሬቱ ይደርቃል፤ በደረቀ ቁጥር ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥር መዘውሩ አቅም ያንሰዋል። ከ1820 ገደማ ጀምሮ በነፋሱ ፋንታ የእንፋሎት ሞተር ተተካ። በ20ኛው መቶ ዓመት በእንፋሎቱ ፋንታ ናፍጣ፥ ከዚያም ኤሌክትሪክ ገባ። ፌንስን በሚገባ የሚያጠና መሐንዲስ ይህን የመሣሪያ ታሪክ የዕድገት ብቻ ሳይሆን የዕዳም ታሪክ አድርጎ ያነበዋል። እያንዳንዱ አዲስ መሣሪያ የመጣው የቀድሞው ሥራ ያስከተለውን ለማረም ነው።

የሐይቁ መጨረሻና የምሰሶው መተከል

የዊትልሲ ሐይቅ ይህን ሁሉ አልፎ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቆየ። በሙቀቱ ወራት የጀልባ ውድድር፥ በብርዱ ወራት ደግሞ ውሃው ሲረጋ በበረዶ ላይ የመንሸራተት ጨዋታ ይደረግበት ነበር። በ1844 የወጣው ሕግ መካከለኛው ፌንስ አዲስ ዋና ቦይ እንዲቆፈርለት ባዘዘ ጊዜ ግን፥ ሐይቁን ለማድረቅ መንገዱ ተከፈተ። የሆልም ባለርስት ዊልያም ዌልስ ከጎረቤቶቹ ባለመሬቶች ጋር ሆኖ ሥራውን ጀመረ።

በ1851 የሐይቁ ዳር ተቆርጦ ውሃው ወደ ቦዩ ተለቀቀ። ውሃው እየሸሸ ሲሄድ በጭቃው ላይ የቀረውን ዓሣ ለመልቀም ሕዝብ ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ። በራሱ የማይፈሰውን ቀሪ ውሃ ለመጨረስ ጆን አፖልድ የፈለሰፈው ባለመዘውር ፓምፕ ተተከለ። የዚሁ ዓይነት ፓምፕ በዚያው ዓመት በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ አድናቆት አትርፎ ነበር። በኖቬምበር 1852 ከከባድ ዝናብ በኋላ ግድቡ ተጥሶ ሐይቁ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ፓምፑ ግን እንደገና አደረቀው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጀልባ ይቀዝፍበት በነበረው ሥፍራ እህል ታጨደ።

ሐይቁ ሲደርቅ በሆዱ የያዘው ታየ። የራምሲ ገዳም ንብረት እንደ ነበሩ የሚታመኑ፥ በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ የብር ጽናና የመርከብ ቅርጽ ያለው ሙዳየ ዕጣን ከጭቃው ወጡ፤ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። ከባርናክ ካባ ወጥተው ወደ ገዳማቱ ሲጓጓዙ ከጀልባ የወደቁ ታላላቅ ጥርብ ድንጋዮችም ተገኙ። የድንጋዩ ዋጋ በኢል ተከፍሎ፥ ድንጋዩ በውሃ ሲጓዝ ሰጥሞ፥ ውሃው በእንፋሎት ኃይል ተባርሮ ሲታይ፥ የሥፍራው ሦስት ዘመናት በአንድ ጭቃ ላይ ተገናኙ ማለት ይቻላል።

ዌልስ ግን ከቀደሙት አድራቂዎች የሚለይበት አንድ ነገር ነበር። ፒት ሲደርቅ እንደሚወርድ ከሁለት መቶ ዓመት ልምድ ታውቆ ነበርና፥ ምን ያህል እንደሚወርድ ለመለካት ፈለገ። በ1848 አንድ የእንጨት ምሰሶ ፒቱን አልፎ እስከ ሸክላው ድረስ እንዲዘልቅ አስደረገ፤ አናቱም ከመሬቱ እኩል ተቆረጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ምሰሶ በብረት ዓምድ ተተካ። ዓምዱ ከለንደኑ ኤግዚቢሽን አዳራሽ፥ ከክሪስታል ፓላስ፥ የመጣ ነው ይባላል። ዌልስ በ1860 ስለ ሐይቁ መድረቅ በንጉሣዊው የእርሻ ማኅበር መጽሔት ጽሑፍ ሲያወጣ ምሰሶው ከመሬት ወደ 1.5 ሜትር የሚጠጋ ብቅ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ቢቀንስም መውረዱ አልቆመም። ምሰሶው ከመሬት በላይ ቁመቱ በመጨመሩ እንዳይወድቅ በ1957 በብረት ማሰሪያ ተደገፈ፤ ሁለተኛ ምሰሶም በአጠገቡ ተተከለ። ዛሬ ሥፍራው ከባሕር ወለል በታች 2.75 ሜትር ሲሆን፥ ከታላቋ ብሪታንያ መሬት ሁሉ ዝቅተኛው ነው።

ትርፉና ዕዳው

የተገኘውን ትርፍ ማቃለል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጥቁሩ የፌንስ አፈር ስንዴ፥ ድንች፥ ስኳር የሚወጣበት ቀይ ሥርና ልዩ ልዩ አትክልት ያበቅላል። በእንግሊዝ አገር አንደኛ ደረጃ ከሚሰጠው የእርሻ መሬት ግማሽ ያህሉ የሚገኘው በፌንስ ነው። ወባው ጠፍቷል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ የውጭ እህል በባሕር ላይ ሲታገድ የአገሩን ሕዝብ ከመገቡት እርሻዎች መካከል እነዚህ ይገኙበታል።

ዕዳው ግን በየዓመቱ ይጨምራል። በሚታረስ ፒት ላይ መሬቱ በአማካይ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በጸደይ፥ ቡቃያው አፈሩን ሳይሸፍን፥ ደረቁ ፒት በነፋስ ተነሥቶ ሰማዩን ያጠቁራል፤ ከዘሩና ከማዳበሪያው ጋር ይሄዳል። ማረሻም ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በወደቁት የኦክ ግንዶች ይመታል። የመካከለኛው ፌንስ ውሃ በሴንት ጀርማንስ በኩል በራሱ ወደ ባሕር ይወጣ የነበረው፥ ሜዳው ስለ ወረደ ይህ አልበቃ ብሎ በ1934 ታላቅ የፓምፕ ጣቢያ ተሠራለት፤ እርሱም በ21ኛው መቶ ዓመት ከቀድሞው በሚበልጥ ጣቢያ ተተካ። ፓምፖቹ ቢቆሙ ውሃው ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል፤ ይልቁንም ሜዳው ከቀድሞው ስለሚያንስ ጥልቀቱ የባሰ ይሆናል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ሌላ የዕዳ መዝገብ ተከፈተ። ፒት ያልበሰበሰ ተክል እንደ መሆኑ በውስጡ ያከማቸው ካርቦን ሲደርቅ ወደ አየር ይወጣል። በዓለም ላይ ፒት ያለበት መሬት ከየብሱ 3 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን የያዘው ካርቦን ግን የዓለም ደኖች ሁሉ ከያዙት ይበልጣል። ስለዚህ የሆልም ምሰሶ ለአንድ ርስት ባለቤት የተተከለ መለኪያ ሆኖ ሳለ፥ ለዓለም የአየር ጠባይ ጥናትም ማስረጃ ሊሆን በቃ።

ውሃውን የመመለስ ዘመን

ከረግረጉ የቀረውን ለማዳን የታሰበው ቀደም ብሎ ነው። ቻርልስ ሮትስቻይልድ በ1910 ከሆልም በስተደቡብ ያለውን የዉድዎልተን ፌን ገዝቶ የዱር እንስሳትና የዕፅዋት መጠበቂያ አደረገው። ሆልም ፌን ራሱ በ1952 በመንግሥት የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ይሁን እንጂ መከለል ብቻውን አልበቃም። በዙሪያው ያለው እርሻ እየወረደ ሲሄድ ዉድዎልተን እንደ ደሴት ከፍ ብሎ ቀረ፤ ውሃውም ወደ እርሻው ይንጠፈጠፍ ጀመር። በ1972 ሸክላ የተሞላ ግድብ ተሠርቶለት ውሃው እንዳያመልጥ ተደረገ። ለሦስት መቶ ዓመታት ውሃ ለማስወጣት ይሠራ የነበረው ግድብ በዚህ ሥፍራ ውሃ ለማስቀረት ተሠራ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከሐይቁ ጋር የጠፋው ትልቁ ናስማ ቢራቢሮ በ1927 ዘመዱ ከሆላንድ መጥቶ በዉድዎልተን ቢለቀቅም ሊጸና አልቻለም።

በ2001 የተጀመረው ታላቁ ፌን የተባለው ዕቅድ ሆልምንና ዉድዎልተንን በመካከላቸው ባለው የእርሻ መሬት አማካይነት ለማገናኘት የታሰበ ሲሆን፥ ጠቅላላ ስፋቱ 3,700 ሄክታር ነው። በዕቅዱ ውስጥ ከተፈጥሮ ጠባቂ ድርጅቶች ጋር የመካከለኛው ፌንስ የውሃ አስተዳደርም ይገኝበታል። ውሃውን ለማባረር የቆመው መሥሪያ ቤት ውሃውን በመመለሱ ሥራ ተካፋይ መሆኑ የዘመኑን መለወጥ ያመለክታል። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ መሬቱን ሳያደርቁ ማረስ ይቻል እንደሆነ እየተፈተነ ነው። ፊላ ለቤት ሙቀት መጠበቂያ፥ ስፋግነም የተባለው ውሃ መጣጭ ተክል ደግሞ ለችግኝ ማፍያ እንዲውል በእርጥብ ፒት ላይ ይዘራል። የገዳማቱ ዘመን ሰው ከውሃው ሳይወጣ ይኖር እንደነበረ፥ የዛሬውም ገበሬ ከውሃው ሳይጣላ የሚተዳደርበት መላ እየተፈለገ ነው።

ይህም ያለ ክርክር አልሆነም። በፌንስ እርሻ የሚተዳደር ቤተሰብ መሬቱ ወደ ውሃ ሲመለስ ኑሮው ምን እንደሚሆን ይጠይቃል፤ አገሩም ምግቡን ከየት እንደሚያገኝ ይጠይቃል። ጥያቄው የተገባ ነው። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የወል መብታቸውን ያጡት አጥማጆችና ከብት አርቢዎች ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርበው መልሱ ግድብ ሆኖባቸው ነበር። በዚህኛው ለውጥ ያው ስሕተት እንዳይደገም የሚያስፈልገው፥ ውሃው ከመመለሱ በፊት በመሬቱ የሚኖረውን ሰው ማማከርና ድርሻውን ማሳወቅ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ፒቱ ታርሶ ካለቀ በኋላ ሸክላው ሲወጣ የዛሬው ምርት በዛሬው መጠን እንደማይቀጥል ገበሬው ራሱ ያውቃል። ምርጫው በእርሻና በውሃ መካከል ብቻ ሳይሆን፥ ጥቂት ትውልድ በሚቆይ ሀብትና ብዙ ትውልድ በሚቆይ ሀብት መካከልም ነው።

ከሆልም ታሪክ ለባለሙያ የሚተርፈው ትምህርት የዌልስ ሥራ ነው። ዌልስ ሐይቁን አደረቀ፤ በዚህ የተመሰገነውም የተወቀሰውም አለ። ነገር ግን ሥራውን ሲጀምር የሥራውን ውጤት የሚቆጣጠር መለኪያ አብሮ ተከለ፤ መለኪያው የሚናገረውም ለእርሱ የሚስማማ እንዲሆን አላስገደደውም። ከእርሱ በፊት የነበሩት ስንት ኤከር እንደደረቀ፥ ስንት ብር እንደወጣ፥ ስንት ጆንያ እህል እንደገባ ቆጥረዋል። መሬቱ ራሱ ስንት እንደቀረ የቆጠረው ግን ያ ምሰሶ ነው። ለ170 ዓመታት ያህል ያለማቋረጥ የቆየው መዝገብ የተገኘው አንድ ባለርስት በትርፉ ጊዜ ኪሳራውን ለመለካት ስላልፈራ ነው።

የጠፋው ፒት ግማሹ በመኮማተር፥ ግማሹ በመበስበስ የሄደ ቢሆንም፥ 4 ሜትር ፒት በተፈጥሮ ለመከማቸት 4,000 ዓመት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ አሁን ውሃውን የሚመልሱት ሰዎች መሬቱ ወደ ምሰሶው አናት ሲመለስ ለማየት ተስፋ አያደርጉም። ሥራቸው መሳካቱ የሚታወቀው፥ ወደፊት በሆልም የሚያልፍ ሰው ምሰሶውን ለክቶ ከዛሬው ቁመቱ ያልበለጠ ሆኖ ሲያገኘው ነው።